ሰኞ ማክሰኞና የሕፃናት ሚዛን

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ስለሚባል፥ የሕፃናት ጨዋታ ብዙ ጊዜ እንደ ከንቱ ነገር ይቈጠራል። እኔ ግን በሰፈራችን በዘነበወርቅ ሕፃናት መሬት ላይ አስምረው የሚጫወቱት ሰኞ ማክሰኞ ትልቅ ትምህርት መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሰው ሳይወድቅ ቆሞ የሚሄደው በሦስት ነገሮች ርዳታ ነው። አንደኛው ዐይን ነው። ሁለተኛው የውስጥ ጆሮ ሲሆን፥ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ራሳችን ሲዞር ለአንጐል ያስታውቃል። ሦስተኛው ከእግር መርገጫ፥ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ነው። የዚህን የሦስተኛውን ጥቅም የዘነበወርቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት በሥጋ ደዌ ምክንያት የእግራቸው ስሜት የጠፋ ብዙ ሰዎችን ሲያክም ኖሯልና። መርገጫው የማይሰማው ሰው እግሩን በዐይኑ እየጠበቀ ለመራመድ ይገደዳል።

አንጐል እነዚህን ሦስቱን ማስተባበር የሚማረው ቀስ በቀስ ነው። ሕፃን ልጅ ከሁሉ ይልቅ በዐይኑ ይመካል፤ ልቡም በሌላ አሳብ ሲያዝ ይንገዳገዳል። የአምስት ዓመት እኅቴ በአንድ እግሯ እንድትቆም ባዘዝኋት ጊዜ ደኅና አድርጋ ቆመች፤ እንደ ቆመች የእንስሳት ስም እንድትጠራ ስጠይቃት ግን ሁለት ስም ሳትጨርስ እግሯ መሬት ነካ። ይሁን እንጂ ኑሮ አሳብንና እርምጃን ለይቶ አይጠይቅም። ሱቅ የተላከ ልጅ ድንጋያማውን መንገድ የሚሄደው የተላከበትን በልቡ ይዞ፥ መኪናውንም እያየ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ሰኞ ማክሰኞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተጫዋቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይወረውራል፤ የትኛው ቤት ላይ እንደ ደረሰ ያስታውሳል፤ መሥመር ሳይረግጥም በአንድ እግሩ ይዘላል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ጨዋታውን ማቅለል ይቻላል። ለምሳሌ በተሰመረ መሥመር ላይ እየተራመዱ እስከ አምስት ይቍጠሩ፤ ወይም «ቀይ» ሲባል ቀጥ ብለው ይቁሙ፥ «አረንጓዴ» ሲባል ይራመዱ። ልጁ ሲለምደው ጥያቄውን ጥቂት በጥቂት ማክበድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ፥ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፥ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲሆን ይመክራል። ታዲያ ሕፃናትን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማዋል ምን ይጠቅማል? ፊደሉም ቢሆን መሬት ላይ ተጽፎ፥ እየተዘለለ ሊቈጠር ይችላል።

እንግዲህ ወላጆች በግቢያቸው ጥቂት ሜዳ እንዲተዉላቸው፥ የአፀደ ሕፃናት መምህራንም በየቀኑ ጊዜ እንዲመድቡላቸው፥ እኛ ታላላቆቻቸውም ጠመኔ ይዘን እንድናሰምርላቸው በትሕትና አሳስባለሁ።