«ሰባት እጥፍ» ሲባል ምን ማለት ነው? የግመል ንክኪና የመርስ ቁጥሮች አነባበብ

ሪያድ፦ በግመል እርባታ፣ በእንስሳት ገበያ ወይም በዕርድ ሥራ የተሰማራ ሰው «ግመል የነካ በመርስ የመያዝ ዕድሉ ሰባት እጥፍ ነው» ሲባል ቢሰማ መደንገጡ አይቀርም። ቁጥሩ ከእውነተኛ ጥናት የመነጨ ቢሆንም፣ ትርጉሙ በቀላሉ ሊዛባ ይችላል።

የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካላት በሽታ፣ በአጭር ስሙ መርስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ2012 በጂዳ ከታከመ ሕመምተኛ ነው። በ2014 በሳዑዲ ዓረቢያ የተካሄደ ጥናት 30 ሕሙማንን በመርስ ካልተያዙ 116 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ከሕመሙ በፊት በነበሩት 2 ሳምንታት ግመል በቀጥታ መንካት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ሕመምና ማጨስ እያንዳንዳቸው ከመርስ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ለግመል ንክኪ የወጣው ቁጥር ከ7 በላይ ነበር።

ውጤቱ «ታመመ» ወይም «አልታመመም» ከሚሉ ምድቦች አንዱ ሲሆን የሚያገለግለው ስሌት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ይባላል። ስሌቱ የሚያነጻጽረው በቀጥታ ዕድልን ሳይሆን ኦድስ የተባለውን ነው፤ ይኸውም የታመሙት ብዛት ላልታመሙት ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ከ10 ሰዎች 5ቱ ቢታመሙ ዕድሉ 50 በመቶ፣ ኦድሱ ግን 1 ነው። ኦድሱ ሰባት እጥፍ ሲያድግ ከ8 ሰዎች 7ቱ ይታመማሉ ማለት ነው፤ ይህም 87.5 በመቶ እንጂ 350 በመቶ አይደለም።

በሽታው ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ስሌቶች ይቀራረባሉ። ለምሳሌ ከ100,000 ሰዎች 1 የሚታመም ቢሆን፣ ሰባት እጥፉ 7 ገደማ ነው፤ 99,993ቱ አይታመሙም። እንዲሁም የሕሙማኑንና የሌሎቹን ብዛት የወሰኑት አጥኚዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ከእንዲህ ያለ ጥናት ስንት እረኞች እንደሚታመሙ ማወቅ አይቻልም። ሕሙማኑ 30 ብቻ መሆናቸውም ትክክለኛው ቁጥር ከ7 በእጅጉ ሊያንስ ወይም ሊበልጥ እንደሚችል ያሳያል።

ይህ ሁሉ ግን ጥንቃቄን አያስቀርም። በመርስ መያዛቸው ከተመዘገበው ሰዎች መካከል ከሦስት አንዱ ገደማ ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ ግመል ከነኩ በኋላ እጅን መታጠብ፣ ያልፈላ የግመል ወተት አለመጠጣትና ሥጋውን በሚገባ አብስሎ መብላት ያስፈልጋል። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከግመል ንክኪ ቢርቅ ይመረጣል። ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሠራተኛ ለሐኪሙ ግመል መንካቱን ይንገር፤ የጤና ሚኒስቴር የስልክ መስመር 937 ነው።