የፈረስ ዓይን ሲያብጥ ወይም ሲቀላ፦ ምልክቶችን መለየት፣ የመጀመሪያ እርዳታ እና የሕክምና አገልግሎት

የጋማ ከብቶች የአርሶ አደሩና የከተማ ባለጋሪው የዕለት ኑሮ መሠረት ናቸው። ከእነዚህም መካከል ፈረስ በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች ለመጓጓዣና ለጭነት፣ በከተሞች ደግሞ ለጋሪ ሥራ በስፋት ያገለግላል። ዓይኑ የታመመ ፈረስ ፊቱን በሚገባ ስለማያይ በቀላሉ ይደነብራል፤ በዚህም ለባለቤቱ፣ ለተሳፋሪውና ለእግረኛው የአደጋ ምክንያት ይሆናል። ዓይኑ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ቤተሰቡ የገቢ ምንጩን ሊያጣ ይችላል።

አብዛኛው የዓይን ሕመም በወቅቱ ከታከመ ይድናል። ጉዳቱ የሚከፋው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው “ነገ ይሻለዋል” በሚል ጊዜ ማባከን፣ ሁለተኛው ሕመሙ ሳይለይ ያገኙትን መድኃኒት መጨመር ነው። ይህ መረጃ የፈረስ ባለቤቶች ምልክቶቹን ለይተው ትክክለኛውን እርምጃ እንዲወስዱ ለማገዝ ተዘጋጅቷል።

በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች

አንደኛ፦ እብጠቱ ያለው ዓይኑ ላይ ነው ወይስ ከዓይኑ በላይ? በጤነኛ ፈረስ ከእያንዳንዱ ዓይን በላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይገኛል። ይህ ጎድጓዳ ሞልቶ ካበጠ ሕመሙ የዓይን ሳይሆን የመላ አካል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፦ የታመመው አንድ ዓይን ነው ወይስ ሁለቱም? አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ በአብዛኛው መነሻው ምት፣ ጭረት ወይም ባዕድ ነገር ነው። ሁለቱም ከሆኑ ደግሞ አቧራ፣ ዝንብ ወይም ተላላፊ በሽታ ይጠረጠራል።

አንድ ዓይን ብቻ ሲታመም

የአለንጋ ምት፣ እሾህ፣ የገለባ ስባሪ ወይም በልጓም ላይ የሚደረገው የዓይን መከለያ መፈተግ ዓይንን ሊያቆስል ይችላል። በተለይ ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን ሲጫር ተህዋስያን በቁስሉ ይገባሉ፤ ቁስሉም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሰፍቶ ዓይኑን እስከማፍሰስ ሊደርስ ይችላል።

ዓይኑን የሚያመው ፈረስ የሚከተሉትን ምልክቶች ያሳያል፦

• ዓይኑን ይጨፍናል ወይም በከፊል ብቻ ይከፍታል፤
• የላይኛው ሽፋሽፍቱ እንደ ጤነኛው ዓይን ወደ ፊት በመዘርጋት ፈንታ ወደ ታች ያዘነብላል፤
• ዕንባው ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ ብርሃን ይሸሻል፤
• የዓይኑ ፊት ጭጋግ የለበሰ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ መስሎ ይታያል።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ መቅረብ ያስፈልጋል። ዓይኑ ውጫዊ ቁስል ሳይኖረው ውስጡ ተቆጥቶ እንዲህ ሊያምም ይችላል። ይህ ሕመም እየተመላለሰ የሚነሳ ከሆነና በየጊዜው ካልታከመ ለዕውርነት ይዳርጋል።

ሁለቱም ዓይኖች ሲታመሙ

ዓይኖቹ መጠነኛ ቅላት ካላቸውና ዕንባው ንጹሕ ከሆነ የአቧራ፣ የጭስ ወይም የዝንብ መቆጣት ሊሆን ይችላል። ፈረሱን ከአቧራና ከጭስ ማራቅ፣ ዓይኑን ማጠብና ማሳረፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአንድ ቀን ውስጥ ካልተሻለው ወይም ዓይናሩ ወፍራምና ቢጫ ከሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ዝንብ በሚበዛበት ወቅት ቀጫጭን ነጭ ትሎች በዓይን ላይ ሲንቀሳቀሱ ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህን የሚያወጣው ባለሙያ ብቻ ነው።

በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየውና በፈንገስ የሚመጣው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስም የዓይንን ውስጠኛ ሽፋን በማሳበጥ መግል ያስወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በቆዳ ላይ ተራ በተራ የተሰለፉና የሚፈርጡ እባጮችን ያስከትላል። በሽታው በቁስል፣ በዝንብና በጋራ በሚጠቀሙበት የጋሪ ዕቃ ስለሚተላለፍ እንዲህ ያለ ፈረስ ከሌሎች መለየት አለበት። ሕክምናው የተሻለ ውጤት የሚኖረው በጅምሩ ሲሰጥ ነው።

ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ሲያብጥ

ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ መሙላት፣ የዓይን ቆቦች ማበጥና ትኩሳት አብረው ከታዩ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይጠረጠራል። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ በዋናነት ከምሽት እስከ ንጋት በሚናከሱ ጥቃቅን ነፍሳት አማካኝነት ይተላለፋል። እነዚህ ነፍሳት ከዝናብ በኋላ ስለሚበዙ በክረምቱ ማብቂያ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እብጠቱ ወደ ፊት፣ ወደ አንገትና ወደ ደረት ሊወርድ ይችላል። ሳንባን የሚያጠቃው ዓይነት ደግሞ የትንፋሽ መቸገርና በአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ያስከትላል። በበሽታው ከሚያዙ ፈረሶች ብዙዎቹ ይሞታሉ። አህዮች ግን ቫይረሱን ይዘው ምልክት ላያሳዩ ይችላሉ።

ይህ ምልክት የታየበት ፈረስ ሊጠመድ፣ ሊጋለብ ወይም ረጅም መንገድ ሊነዳ አይገባም፤ ልቡ ስለሚጎዳ ድካም ሊገድለው ይችላል። ፈረሱን በጥላ ሥር አሳርፎ ባለሙያውን ወዳለበት መጥራት ይገባል። ለበሽታው በቀጥታ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ዋናው መከላከያ ክትባት ነው።

ባለሙያ እስኪደርስ የሚሰጥ እርዳታ

1. ፈረሱን ከሥራ አውጥቶ ጨለም ባለና አቧራ በሌለበት ቦታ ማሳረፍ።
2. አንድ ሊትር ውኃ አፍልቶ 9 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ተኩል ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ንጹሕ ጨው መጨመርና ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ።
3. እጅን በሳሙና ታጥቦ ውኃውን በዓይኑ ላይ በቀስታ ማፍሰስ፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ንጹሕ ጨርቅ መጠቀም።
4. ፈረሱ ዓይኑን በእግሩ ወይም በግድግዳ እንዳያሽ መከታተል።
5. በዓይን ውስጥ የተሰካ እሾህ ወይም እንጨት ካለ አለማጠብና አለመንቀል፤ እንዳለ ትቶ ባለሙያ በአስቸኳይ መጥራት።

ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

• የተረፈ ወይም ለሰው የታዘዘ የዓይን ቅባት መጠቀም። እንደ ዴክሳሜታሶንና ሃይድሮኮርቲሶን ያሉ ስቴሮይዶች ያሉበት ቅባት ለጊዜው ቅላቱን ቢያጠፋም የቆሰለ ኮርኒያን በፍጥነት ያበላሻል።
• አመድ፣ ደረቅ ጨው፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ትንባሆ በዓይን ውስጥ መጨመር።
• በዓይን ዙሪያ መተኮስ ወይም መብጣት።
• በዓይን ማዕዘን ብቅ ያለውን ሥጋ መሰል ሽፋን መቁረጥ። ይህ ሦስተኛው የዓይን ሽፋን ሲሆን ዓይንን የሚጠብቅ አካል ነው። ሽፋኑ በሁለቱም ዓይኖች ላይ ብቅ ብሎ ፈረሱ ሰውነቱ ከደረቀና መንጋጋው ከተያያዘ ምልክቱ የመንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በእንስሳት ጤና ክሊኒክ የሚሰጠው አገልግሎት

ባለሙያው ዓይኑን በመብራት ይመረምራል፤ ኮርኒያ መቁሰሉን ለማወቅም በቁስሉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ቀለም ይጨምራል። ሕክምናው የሚወሰነው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። የፈረሱ ባለቤት ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ቀደም ሲል የተደረገውን ሕክምናና የተወሰዱ ክትባቶችን መናገር ይጠበቅበታል። ጥቅም ላይ የዋለ መድኃኒት ካለ ዕቃውን ይዞ መቅረብ ለምርመራው ይረዳል። የታዘዘው ቅባት በቀን ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ዓይኑ የተሻለው ቢመስልም ሕክምናውን እስከ መጨረሻው መቀጠል ያስፈልጋል።

አስቀድሞ መከላከል

ልጓሙና የዓይን መከለያው በልክ የተሠሩና ለስላሳ መሆናቸውን በየዕለቱ ማረጋገጥ፣ ፈረስን ፊቱ ላይ አለመምታት፣ ፍግን ከጋጣ በየቀኑ ማውጣት፣ አቧራ የበዛበትን ድርቆሽ ውኃ አርከፍክፎ መመገብ እና ነፍሳት በሚበዙበት ወቅት ፈረሱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ ማስገባት ቀላልና ውጤታማ የመከላከያ መንገዶች ናቸው። ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ፈረስ ስለሆነ፣ በሽታው በአካባቢው ከመታየቱ በፊት ስለ ክትባት መርሐ ግብሩ ባለሙያን መጠየቅ ይገባል።

አገልግሎቱን ለማግኘትና ጥቆማ ለመስጠት

የዓይን ሕመም የገጠመው ፈረስ ባለቤት በቀበሌው ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መቅረብ ይችላል። ከዓይን በላይ እብጠት የታየበት ወይም በድንገት የሞተ ፈረስ ሲኖር ደግሞ ለቀበሌው ባለሙያ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ፈረሱን ወደ ገበያ፣ ወደ ጉግስ ሜዳ ወይም ወደ ሌላ ቀበሌ ማንቀሳቀስ አይገባም። አንድ ባለቤት በወቅቱ የሚሰጠው ጥቆማ የጎረቤቶቹ ፈረሶች ሳይታመሙ እንዲከተቡ ጊዜ ይሰጣል።