ከእስር ቤት ይዞት የወጣውን ሙያ አናባክነው
በእስር ላይ ያሉ ወጣቶች ስለሚማሩት የእጅ ሥራና ከእኛ ስለሚጠበቀው

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ በየቤታችን በሹክሹክታ እንጂ ፊት ለፊት የማይወራ ነው። በካኩማ ካምፓችን አንድ ልጅ ሲታሰር «ታሰረ» አይባልም። «ናይሮቢ ሄዷል» ይባላል፣ ወይም «ዘመድ ጋ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጎረቤትም ነገሩን ያውቀዋል፤ ግን አይጠይቅም። ልጁ ተፈትቶ ሲመለስም ሰላም ብለነው እናልፋለን እንጂ «እዚያ እያለህ ምን ተማርክ?» የሚለው ሰው የለም።

ጥያቄው ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። በኬንያ ታስረው ከሚወጡ ወጣቶች መካከል የልብስ ስፌት፣ የአናጢነት፣ የብየዳ ወይም የግንበኝነት ሙያ ይዘው የሚወጡ አሉ። ሙያው እንጀራ እንዲሆን ግን ልጁን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ልጆቹ ምን እንደሚማሩና እኛስ ምን ማድረግ እንዳለብን ባጭሩ ለማየት ወደድን።

ሕጉ ልጅን ከአዋቂ ይለያል

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ የልጆች ሕግ አውጥታለች። በዚህ ሕግ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ18 ዓመት በታች ያለውም ጥፋተኛ ቢባል እንኳ እንደ አዋቂ እስራት አይፈረድበትም። ፍርድ ቤቱ መክሮ ለቤተሰቡ ሊመልሰው፣ በፕሮቤሽን ሠራተኛ ክትትል ሥር ሊያደርገው፣ ወደ ማረሚያ ትምህርት ቤት ወይም «ቦርስታል» ወደሚባለው ተቋም ሊልከው ይችላል።

ቦርስታል የሚለው ስም ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ኬንት ውስጥ ቦርስታል በምትባል መንደር፣ ወጣት ጥፋተኞችን ከአዋቂ እስረኞች ለይቶ ሥራና ትምህርት የሚሰጥ ቤት ተከፈተ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። እንግሊዝ ራሷ አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው ሕግ አስቀርታዋለች። ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የቦርስታል ሕግ መሠረት እስከ ዛሬ ትሠራበታለች። ዕድሜው 15 የሆነና 18 ያልሞላው ልጅ እስከ ሦስት ዓመት ሊቆይበት ይችላል። ለወንዶች ሁለት የታወቁ ቦርስታሎች አሉ፤ አንዱ ከሞምባሳ ከተማ በስተሰሜን ያለው ሺሞ ላ ቴዋ፣ ሁለተኛው በካካሜጋ ያለው ሺኩሳ ነው። ለሴቶች ደግሞ ናይሮቢ አጠገብ በካሚቲ አካባቢ ያለው ካማዬ አለ። ከዚህ ሌላ በዚያው በካሚቲ ከ17 እስከ 21 ዓመት ላሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ላጠፉ ወጣቶች የአራት ወር የማረሚያ ማሠልጠኛ አለ።

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ጠባይ ማረሚያ» ሲባል ሰምቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ለብቻ ያያቸዋል። በአገራችን ወህኒ ቤቶች ሽመናና የእንጨት ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው።

ዕድሜው በወረቀት ላይ ያለው ነው

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ልጁ ከልጆች ጋር ሙያ ይማር፣ ወይስ ከአዋቂዎች ጋር ይታጎር የሚለውን የሚወስነው ዕድሜው ነው። ብዙዎቻችን ስንመዘገብ የልጆቻችን የልደት ቀን «ጃንዋሪ 1» ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመቱም በግምት የተሞላ አለ። ቁመቱ ረዘም ያለ የ16 ዓመት ልጅ ወረቀት ሳይዝ ቢያዝ «አዋቂ ነው» ሊባል ይችላል። ስለዚህ የማኒፌስቱን፣ የክሊኒክ ካርዱንና የትምህርት ቤት ወረቀቱን ቅጂ ቤት ውስጥ አስቀምጡ። ስሕተት ካለበት ልጁ ሳይያዝ በፊት አሳርሙ። ተይዞ ከሆነም ወረቀቱን ይዛችሁ ቶሎ ድረሱ፤ ብሎክ ሊደሩንና የሕግ ድጋፍ የሚሰጡትን ሰዎች በዚያው ቀን አነጋግሩ።

ወርክሾፑ ውስጥ

እንደነዚህ ባሉ ተቋማት ከሚሰጡት ሙያዎች የታወቁት አናጢነት፣ ልብስ ስፌት፣ ብየዳ፣ ግንበኝነት፣ ፀጉር ሥራና እርሻ ናቸው። አስተማሪው ብዙውን ጊዜ ዩኒፎርም የለበሰ የወህኒ ቤት ባልደረባ ነው። እሱ ራሱ ግን ፉንዲ ነው። ልጁ መጀመሪያ የሚማረው መለካት ነው። ሜትር ማንበብ፣ መስመር ማስመር፣ ሳይቸኩል መቁረጥ። እንጨት አንዴ ካጠረ አይረዝምም። ይህን የተማረ ልጅ ትዕግሥትንም አብሮ ይማራል።

ትምህርቱ ዋጋ የሚያገኘው በፈተና ነው። በኬንያ የሙያ ፈተና የሚሰጠው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ባጭሩ «ኒታ» የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ደረጃው ሦስት ነው። ጀማሪ በግሬድ 3 ይጀምርና ልምድ ሲያገኝ ወደ 2፣ ከዚያም ወደ 1 ያድጋል። ተፈታኙ በወሬ አያልፍም፤ ሥራውን በእጁ ሠርቶ ያሳያል። በእስር ላይ ሆኖ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ውጭ ካለው ልጅ እኩል አልፏል ማለት ነው።

ስለ ወረቀቱ ሌላም የምንለው አለ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ነፃነታቸውን ስላጡ ወጣቶች ባወጣው ደንብ ላይ፣ ወጣቱ ታስሮ ሳለ የሚሰጠው የትምህርት ምስክር ወረቀት ታስሮ እንደነበር በምንም መንገድ ማመልከት የለበትም ይላል። ልጃችሁ ሲፈታ ወረቀቱን ይዞ መውጣቱን ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የእስር ነገር ተጽፎ ከሆነም እንዲለወጥለት መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዋሙሙ ልጆች

ይህ ነገር ይሠራል ወይ ለሚል፣ ከኬንያ ታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሣ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1952 በማው ማው ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ካወጁ በኋላ ብዙ ልጆች ከአዋቂዎች ጋር በእስር ካምፖች ታጎሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 ልጆቹን ለይቶ የሚይዝ ካምፕ ምዌያ አካባቢ ዋሙሙ በተባለ ቦታ ተከፈተ። ፊደልና እንደ አናጢነት ያለ የእጅ ሙያ ይማሩ ጀመር። ቅኝ ገዢዎቹ ይህን ያደረጉት ልጆቹን ለራሳቸው ታማኝ ለማድረግ ጭምር እንደ ነበር መደበቅ አይገባም። ቢሆንም የካምፑ ሰዎች ልጆቹን አስተምረው ብቻ አልለቀቋቸውም፤ ሥራ የሚቀጥራቸው ሰው ይፈልጉላቸው ነበር።

በዋሙሙ ይሠራ የነበረው ጄፍሪ ግሪፊን በኋላ ከጄፍሪ ጌቱሮና ከጆሴፍ ጊኩቡ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1959 ናይሮቢ ውስጥ ስታሬሄ የተባለውን የወንዶች ማዕከል መሠረተ። በሁለት የቆርቆሮ ቤቶች ለጎዳና ልጆች የተጀመረው ስታሬሄ ዛሬ በኬንያ ስማቸው ከሚጠራ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ዋሙሙም እስካሁን የልጆች ማረሚያ ትምህርት ቤት ሆኖ አለ።

በቅርብ ጊዜ የተደረገ ጥናትም አለ። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በዚያው አገር የተካሄዱ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ፣ እስር ቤት ውስጥ የተማሩ ሰዎች ተመልሰው የመታሰር ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ መሆኑን ገልጿል። የእጅ ሙያ የሠለጠኑትም ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ካልሠለጠኑት በ28 በመቶ የበለጠ ነበር። አሜሪካ ሌላ አገር ነው፤ የተጠኑትም በአብዛኛው አዋቂዎች ናቸው። መንገዱን ግን ያሳያል።

ጉድለቱ የት ላይ ነው?

ሁሉም ነገር የተሟላ ነው ብለን አንዋሽም። እስር ቤት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ሙያ ለመማር ብሎ የሚታሰርም የለም። በአራት ወር ውስጥ ሳሙና መሥራት ወይም ፀጉር መቁረጥ ይለመድ ይሆናል፤ ግንበኛ ግን አይኮንም። ማሽንና ጣውላ በበቂ ካልተገኘ ልጆቹ ከመሥራት ይልቅ ሌላው ሲሠራ ማየት ይሆንባቸዋል። ርቀቱም አለ። ከካኩማ ተነሥቶ ሞምባሳ ድረስ ልጅን ለመጠየቅ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የመኪና ዋጋ ያስፈልጋል። ብዙ እናቶች በዚህ ምክንያት የልጃቸውን ዓይን ሳያዩ ከርመዋል።

ትልቁ ጉድለት ግን የሚጀምረው ከተፈታ በኋላ ነው። ልጁ መጋዝ መያዝ ያውቃል፤ መጋዝ ግን የለውም። ስፌት ያውቃል፤ ማሽን የለውም። ሁለት ሦስት ወር ሥራ ፈቶ ከተቀመጠ የድሮ ጓደኞቹ ይመጣሉ። ያኔ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለን እንፈርድበታለን። መከራውማ መክሮታል! አሁን የቀረው ሥራ ነው።

ሌላው በሽታችን የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም «ልጄ እንዴት አናጢ ይሆናል?» የሚል ወላጅ አለ። እዚሁ ካምፕ ውስጥ በሩን የሚገጥምልን፣ የተሰበረ አልጋችንን የሚበይድልን ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

1. ልጅ ሲያዝ አንደብቅ። ፍርድ ቤት ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት የፕሮቤሽን ሠራተኛ ስለ ልጁና ስለ ቤተሰቡ አጥንቶ ሪፖርት ያቀርባል። ቤተሰቡ አፍሮ ከተሸሸገ ለልጁ የሚናገርለት አይኖርም። ለልጁ ቤትና ተቆጣጣሪ እንዳለው ቀርበን እንመስክር።

2. ሙያ ሲመርጥ እንምከረው። በስልክ ስናገኘው ወይም ስንጠይቀው ካምፑ ውስጥ የትኛው ሥራ እንደሚፈለግ እንንገረው። ስፌት፣ ፀጉር ቤት፣ ብየዳና ግንባታ እዚህ ገበያ አላቸው።

3. ወርክሾፕ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የተፈታ ልጅ ለሁለት ወር እንኳ አብሯችሁ እንዲሠራ ፍቀዱለት። ገንዘብ ባይከፈለው እንኳ ምሳውን አብልታችሁ እጁን እንዲያፍታታ አድርጉ። «ይሰርቀኛል» የሚል ፍርሃት ካላችሁ፣ ሽማግሌ ይዞት መጥቶ ዋስ ይሁነው።

4. ዕቁብና እድር አለን። ዕቁብተኛው ቢስማማ አንዱን ዙር ለልጁ አስቀድሞ ሰጥቶ የስፌት ማሽን ወይም የአናጢ ዕቃ መግዛት ይቻላል። ልጁ ሠርቶ በየወሩ ይከፍላል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ አገራችን ስንሠራበት የኖርነው ነው።

5. ያልታሰሩትንም አንርሳ። የዶን ቦስኮ ማሠልጠኛ እዚሁ ካኩማ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምር ቆይቷል። ልጅ ሙያ ለማግኘት መጀመሪያ ፖሊስ እጅ መግባት የለበትም። ትምህርት አቋርጦ ገበያ መሐል የሚውል ልጅ ካላችሁ፣ ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለሴት ልጆቻችንም እንደዚሁ ነው። ታስራ የወጣች ልጅ ከወንዱ ይልቅ ሐሜቱ ይበዛባታል። እናቶች፣ ፀጉር ቤት ወይም ስፌት ቤት ያላችሁ፣ በራችሁን ቀድማችሁ ክፈቱላት።

የታሰረ ልጅ ያለው ቤተሰብ ወይም ተፈትቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ካለ ለብሎክ ሊደሩ ይንገር። ሙያ ያለው ልጅና ወርክሾፕ ያለው ሰው እንዲገናኙ እኛም የበኩላችንን እናደርጋለን። የልጁን ስም በዚህ ጽሑፍ ላይ አናወጣም፤ ለማንም አንናገርም። በዚህ ሳምንት ውስጥ አንድ ልጅ እንኳ «ነገ መጥተህ ከእኔ ጋር ሥራ» ቢባል ይህን ጽሑፍ ማውጣታችን ከንቱ አልቀረም እንላለን።