የበርች ዛፍ አለርጂ፦ ሕክምናው እንደሚሠራ እንዴት ይታወቃል?

ስዊድንና ኖርዌይ ያላችሁ፣ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር የሚያስነጥሳችሁና ዓይናችሁን የሚበላችሁ፣ ጉንፋን ላይሆን ይችላል፤ የበርች ዛፍ የአበባ ብናኝ ሊሆን ይችላል። አፕል ስትበሉ አፋችሁን የሚያሳክካችሁም ከሆነ ፕሮቲናቸው ስለሚመሳሰል ነው።

"ኢሚውኖቴራፒ ያዋጣል ወይ?" ለምትሉኝ፦ ሕክምናው ሰውነትን ከብናኙ ጋር ያላምዳል። የብናኙ መጠን ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ "ዘንድሮ ተሻለኝ" ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለአንዱ ቡድን እውነተኛውን፣ ለሌላው ባዶ ክኒን ሰጥተው በአንድ ወቅት ያወዳድራሉ። ከምላስ ሥር የሚደረገው ክኒን እንዲህ ተፈትኖ ነው እ.ኤ.አ. በ2019 አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደው። ምልክቱን ይቀንሳል እንጂ ነቅሎ አያጠፋም፤ 3 ዓመት ገደማም ይወሰዳል።

የመጀመሪያው ክኒን ሐኪም ፊት ይወሰድ። አስማችሁ ካልተረጋጋ ግን አትጀምሩ!

ለሚያስነጥሰው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።