የልጆች አንጎል መረቦች፦ ዕድገቱ የቱ ነው፣ የጭንቅላት መነቃነቁስ የቱ?

የአንጎል ተግባራዊ መረብ የሚባለው፣ በቦታ ቢራራቁም የእንቅስቃሴያቸው መጠን አብሮ ከፍ አብሮ ዝቅ የሚል የአንጎል ክፍሎች ስብስብ ነው። ክፍሎቹ በነርቭ ክር በቀጥታ መያያዛቸው ግዴታ አይደለም። ይህ አብሮነት የሚለካው ኤፍኤምአርአይ በተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ መሣሪያው የሚከታተለው የነርቭ ሕዋሳቱን መልእክት ራሱን ሳይሆን፣ ሕዋሳቱ ሲሠሩ ወደ አካባቢው የሚጎርፈው ደም በኦክስጅን መጠን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ባራት ቢስዋልና ባልደረቦቹ፣ ምንም ሳይታዘዝ ዝም ብሎ በተኛ ሰው ላይ እንኳ፣ እጅን የሚያንቀሳቅሱት የግራና የቀኝ አንጎል ክፍሎች ምልክታቸው አብሮ እንደሚዋዥቅ አሳዩ። በዚህም ፈተና ሊሰጣቸው የማይችሉ ጨቅላዎችን ተኝተው ሳሉ ማጥናት የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ።

መረቦቹ እኩል አይበስሉም። የማየት፣ የመስማትና የመንቀሳቀስ መረቦች ጊዜውን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን ላይ ከወዲሁ ቅርጽ ይዘው ይገኛሉ፤ ዕቅድን፣ ራስን መግዛትንና የሌላውን ሰው ሐሳብ መገመትን የሚያግዙት ግን እስከ ጉርምስና ማብቂያና ከዚያም በኋላ መለወጣቸውን ይቀጥላሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሰው ስለ ራሱ ወይም ስላለፈ ነገር ሲያስብ የሚነቃው «ዲፎልት መረብ» ነው። በዚህ መዘግየት ውስጥ ሁለት ሂደቶች እጃቸው እንዳለበት ይታመናል፤ አንደኛው የነርቭ ክርን ሸፍኖ የመልእክቱን ፍጥነት የሚጨምረው ማይሊን የተባለ ስባማ ልባስ ቀስ በቀስ መዳበሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው በልጅነት ከሚፈለገው በላይ የበዙት ሲናፕሶች፣ ማለትም በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያሉ መገናኛዎች፣ እየተመነጠሩ መሄዳቸው ነው።

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2007 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች ለዚህ ዕድገት አንድ ማራኪ ሕግ አቀረቡ፤ የልጆች አንጎል ክፍሎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር አጥብቀው እንደሚያያዙ፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን የቅርቡ ትስስር እየላላ የሩቁ እንደሚጠነክር ገለጹ። በ2010 ደግሞ ይኸው የምርምር ማዕከል 238 የአምስት ደቂቃ ምስሎችን መሠረት በማድረግ የአንድን ሰው አንጎል ብስለት መገመት እንደሚቻል ባሳተመ ጊዜ ዜናው በሰፊው ተናኘ።

ሆኖም በመሣሪያው ጠባብ ቱቦ ውስጥ፣ በሚያደነቁር ጩኸት መካከል እንዲተኛ የተነገረው የሰባት ዓመት ልጅ ምራቁን ይውጣል፣ አፍንጫውን ይበላዋል፣ እግሩን ያፍታታል፤ በዚህም ሁሉ ጭንቅላቱ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ልክ ይንቀሳቀሳል። በ2012 ጆናታን ፓወርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ይህ የማይታይ የሚመስል መነቃነቅ በተቀራረቡ ነጥቦች ላይ ተመሳሳይ ሁከት ስለሚፈጥር የቅርቡን ትስስር ከእውነታው አግዝፎ፣ የሩቁን አሳንሶ ያሳያል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከትልልቆቹ የበለጠ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ የዕድሜ ውጤት ተብሎ የተመዘገበው ልዩነት ቢያንስ በከፊል የመቁነጥነጥ ውጤት ነበር ማለት ነው። ይህን ካጋለጡት መካከል ሕጉን ያቀረበው ማዕከል የራሱ ሰዎች መኖራቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ በሳይንስ ዓለም እንዲህ ያለው የራስን ሥራ የመናድ ድፍረት ሁልጊዜ አይገኝም።

እንቅስቃሴው በጥንቃቄ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የዕድገቱ ምልክት ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጸንቶ የቀረው ሐሳብ ግን ከርቀት ይልቅ በመረቦቹ መለያየት ላይ ያተኩራል፤ ለረቀቀ ሐሳብ የሚያገለግሉት መረቦች ከዕድሜ ጋር በውስጣቸው እየተሳሰሩ ከሌሎቹ እየተለዩ ሲሄዱ፣ የስሜት ሕዋሳትና የእንቅስቃሴ መረቦች ከሌላው የአንጎል ክፍል ጋር ያላቸውን ግንኙነት ወደ ማስፋት ያዘነብላሉ።

ይህ ሁሉ የሚናገረው ስለ ብዙ ልጆች አማካይ ነው። በአሜሪካ ከዘጠኝና ከአሥር ዓመታቸው ጀምሮ ከ11,000 በላይ ልጆችን የሚከታተለው ኤቢሲዲ የተባለው ጥናት ካስገኛቸው መረጃዎች ተነሥቶ በ2022 የታተመ ትንታኔ እንዳመለከተው፣ በጥቂት አሥሮች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተመሥርቶ የአንጎል ትስስርን ከአእምሮ ችሎታ ወይም ከጠባይ ጋር የሚያገናኝ ውጤት ብዙውን ጊዜ የተጋነነና በሌላ ጥናት የማይደገም ሲሆን፣ አስተማማኝ ለመሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ተሳታፊዎችን ይጠይቃል። የአንድን ልጅ ምስል ብቻ አይቶ ስለ ትምህርት ዝንባሌው ለወላጆቹ ትንቢት የሚናገር ሰው ቢኖር፣ የሚናገረው ከዚህ ሳይንስ የተገኘ አይደለም።