መዝናኛችን የሌላዋ ሸክም እንዳይሆን

ቤተሰብ ከከተማ ጫጫታ ርቆ፣ ከደጋ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ለልጆቹ ከዋክብትን እያሳየ አንድ ሌሊት ቢያድር የሚያስደስት ነገር ነው። ዛሬ ላንድክሩዘር ያለው ወይም ከወዳጅ ጋር ሆኖ የሚከራይ ሰው ዕረፍቱን በዚህ መንገድ ማሳለፍ እየወደደ መጥቷል። ይህንን አልነቅፍም፤ እኔም ከሚወዱት አንዷ ነኝ። ሆኖም ድንኳን የምንተክልበት ሜዳ ባዶ ይመስለናል እንጂ ባዶ አይደለም። ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከደብረ ታቦር ተነሥተን፣ «የቻይና መንገድ» እየተባለ በሚጠራው የወረታ–ወልዲያ አውራ ጎዳና ወደ ጉና ተጓዝን። ከዋናው መንገድ ወጥተን በእግር መንገድ ጥቂት እንደሄድን፣ ከፊት ለፊታችን ለድንኳን የሚመች ለጥ ያለ ቦታ ታየን። ባለቤቴ ዞሮ መሄዱን ስላልወደደው መኪናውን በአቋራጭ መራው። ጎማዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ዘለሉና ደረስን። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እኛም የዘለልነው ምን እንደሆነ ልብ አላልንም።

ድንኳኑን ገና ሳንዘረጋ በጀርባቸው ጀሪካን ያዘሉ አንዲት እናት መጡ። ሰላምታ ሰጥተውን፣ የልጆቹን ጉንጭ ስመው፣ ወደመጣንበት አቅጣጫ ተመለከቱ። «ልጄ፣ እርከኑን አፈረሳችሁት እኮ» አሉኝ። ዞር ብዬ ሳይ በድንጋይ የተካበው እርከን በሁለት ቦታ ተንዷል። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ አላየንም» አልኳቸው። «ይሁን፤ ድንጋዩን የምንሸከመው እኛ ሴቶቹ ነንና ነው የነገርኩሽ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ እኔና ባለቤቴ እስኪመሽ ድረስ ድንጋይ ስንክብ ዋልን። የካብነው ግን እንደ እነርሱ አላማረም።

አንባቢያን እንደምታውቁት፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መሬቱ ቁልቁለት ነው፤ አፈሩም በጎርፍ የተጎዳ ነው። በነዚህ ወረዳዎች ዝናብ ሲያጥር የምግብ እጥረት የሚያገኘው ቤተሰብ ብዙ ነው። በየዓመቱ በበጋው ወራት ሕዝቡ በዘመቻ እየወጣ እርከን የሚሠራው አፈሩ እንዳይሸሽበት ነው። ሴቶች በዚህ ሥራ ድንጋይ ያቀብላሉ፣ አፈር ይዝቃሉ፤ ማታም ወደ ቤት ሲመለሱ ውኃውና ማገዶው ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ አንድ መኪና በአንድ ደቂቃ የሚንደው የብዙ ሴቶችን የቀናት ድካም ነው ማለት ነው።

እርከን ባይኖርም እንኳ በሣር ላይ የተነዳ ጎማ ያለ ጉዳት አያልፍም። ጎማው አፈሩን ስለሚጠቀጥቀው ውኃ ወደ ውስጥ መስረግ ይሳነዋል፤ ስለዚህ የጎማውን ፈር ተከትሎ ይወርዳል። ፈሩ ክረምት ሲገባ ይጠልቅና ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ የሆነ ተራራ ነው። ሁለቱም ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ስለዚህ እላይ የተላቀቀው አፈርና የተጣለው ቆሻሻ እታች ያለችውን የፎገራ ሽንኩርትና ሩዝ አምራችም ያገኛታል።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ጠረፍ አጠገብ፣ ቀድሞ ፍሬዘር ትባል የነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን በነባር ሕዝቦቿ ቋንቋ ክጋሪ የሚለው ስሟ በይፋ የተመለሰላት ደሴት አለች። በዓለም ትልቋ የአሸዋ ደሴት ናት። መንገዷ አሸዋ በመሆኑ በአራቱም ጎማው ከሚጎተት መኪና በቀር ሌላ አይነዳባትም። ጎብኚው ለመኪናውም ለድንኳኑም አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣል፤ በባሕሩ ዳርቻ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር፣ በደሴቷ ውስጥ ደግሞ ከ30 በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ዲንጎ የሚባለውን የዱር ውሻ መመገብም የተከለከለ ነው። ሰው የሚያጎርሰው አውሬ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዲንጎዎች ተነክሶ ሞቷል። በጥቅምት 2020 ደግሞ ሕግን ጥሶ የተለኮሰ የአንድ ሠፈር እሳት የደሴቷን ግማሽ ያህል አቃጠለ። ደንቡ እያለ ቸልተኝነት ይህን ያህል ካደረሰ፣ ደንብ ጠባቂ በማይታይበት ቦታ የኛ ጥንቃቄ ምን ያህል መሆን አለበት?

በአገራችንም ምሳሌ አለ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ጠባቂ ስካውት ይዞ ነው የሚገባው፤ ድንኳን የሚተክለውም እንደ ሳንቃ በርና ጨነቅ ባሉ በተመደቡ ቦታዎች ነው። ያም ሆኖ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ ከአቅም በላይ ሆኖ ከእስራኤል ድረስ እሳት አጥፊዎች መጥተው ነበር። ደረቅ ጓሳና አስታ አንዴ ከተያያዘ በባልዲ ውኃ አይመለስም።

ስለዚህ ወደ ጉናም ሆነ ወደ ሌላ ደጋ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ እህቶች የሚከተሉትን ልብ በሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጡ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ተቸግሯል፤ መንገደኛም ተጉላልቷል። ዘመድና ወረዳው «አሁን አይሆንም» ካሏችሁ ጉዞው ይቆይ። ተራራው አይሄድባችሁም።

ከደረሳችሁ በኋላ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቀበሌውንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ባዶ የመሰላችሁ ሜዳ የወል ግጦሽ፣ ወይም ሣሩ እንዲያገግም የተከለለ ቦታ ሊሆን ይችላል። ያለ ፈቃድ በሰው ደጃፍ እንደማይታደር ሁሉ በዚህም ላይ አይታደርም።

መኪናችሁን ከተጀመረው መንገድ አታውጡ። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ዳሩን እየረገጡ ማስፋት ሳይሆን፣ አቁሞ በእግር መሄድ ይሻላል። በክረምት ጨርሶ ባትሞክሩት ይመረጣል። ቁልቁለት ሲሆን ፍሬን ላይ ከመቆም ይልቅ በከባድ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ወንዝ ከመሻገራችሁ በፊት ጥልቀቱን አረጋግጡ፤ ደራሽ ውኃ የሚያስፈራ ከሆነ ግን እግራችሁንም አታግቡ። መኪናው ጭቃ ቢይዘው ከጎማው ሥር ለማንጠፍ አስታ አትቁረጡ፤ አካፋና ጣውላ ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ሸክም የያዘች ሴት ወይም የተጫነች አህያ ስታገኙ ቆማችሁ አሳልፉ፤ ክላክስ እየነፋችሁ አታስበርግጉ። መኪና ከምንጭና ከወንዝ ውስጥ አይታጠብም።

እሳትን በሚመለከት፣ ማገዶ በዚያ አገር የሴቶችና የልጃገረዶች ሸክም መሆኑን አንርሳ። እኛ ለጨዋታ የምናነደው አስታ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ እነርሱ የሚሄዱት መንገድ ይረዝማል። ስለዚህ ቡታጋዝ ወይም የላምባ ምድጃ ከነነዳጁ ይዛችሁ ሂዱ። ቅዝቃዜው ቢበረታም የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ይጨርሳል። ከውርጭ የሚያድነው ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ፣ ለልጆችም የሱፍ ቆብና ካልሲ ነው።

ልጆች ከፍታ ሊከብዳቸው እንደሚችል አስቡ። ደብረ ታቦር 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አንድ ሌሊት እዚያ አድሮ መውጣት ሰውነትን ያለማምዳል። ልጁ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ምግብ ካስጠላው ወይም ያለ ልማዱ ከደነዘዘ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ዋናው መድኃኒት በቶሎ ዝቅ ወዳለ ሥፍራ መውረድ ነው።

ስለ ንጽሕና በግልጽ እንነጋገር። ድንኳናችሁም መጸዳጃችሁም ከምንጭና ከጅረት ቢያንስ 70 እርምጃ ይራቅ። መጸዳጃ ሲሆን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ መቅበር ነው። ሞዴስና የሕፃን ዳይፐር ግን አይቀበርም፣ አይቃጠልምም፤ ፕላስቲክ ስላለበት አይበሰብስም፤ ውሻና ጅብም ቆፍሮ ያወጣዋል። በወፍራም ፌስታል ቋጥራችሁ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ወደ ከተማ መልሱት። ዕቃ ስታጥቡም ውኃውን ቀድታችሁ ከምንጩ ርቃችሁ እጠቡ፤ እኛ በሳሙና የምናደፈርሰው ውኃ ለሌላዋ የዕለት መጠጧ ነው።

ውሻችሁን ቤት ተዉት። ቀይ ቀበሮ ቀድሞ ጉና ላይም ይኖር ነበር፤ ዛሬ አይታይም። በቀሩበት ተራሮችም የቤት ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ትልቅ ጠላታቸው ነው። ለጭላዳም ዳቦ አትወርውሩ፤ የለመደ ጭላዳ ነገ ከእረኛው አገልግልና ከገበሬው ገብስ ላይ ይመጣል።

በመጨረሻም የአካባቢው ልጆች መኪናችሁን ቢከቡ ከረሜላና ሳንቲም አትበትኑ። ጉዞ አዳኝ ልጅ ትምህርቱን ይተዋል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከሆነ ለትምህርት ቤቱ አስረክቡ። ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊትም አስፈቅዱ።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲት እናት እንግዳ ሆና በሰው ቤት ስታድር ከምታደርገው የተለየ አይደለም። ጠይቃ ትገባለች፣ የአስተናጋጇን ማገዶ አታባክንም፣ ያቆሸሸችውን አጽድታ ትወጣለች። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ድንኳናችንን ነቅለን ስንነሣ ዞር ብዬ ቦታውን አያለሁ። ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ጠዋት በዚህ የምታልፈው፣ ጀሪካን ያዘለችው ሴት፣ ከእኛ የተነሣ የምትሸከመው ተጨማሪ ነገር ይኖር ይሆን? እናንተም ከመኪና ከመግባታችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ፤ ልጆቻችሁም ሲጠየቅ ይስሙ።