ከሁለቱ ታማኞች የትኛው?

በአሜሪካ አገር ቱልሳ በምትባል ከተማ የተወለደች ሱዛን ኤሎይዝ ሂንተን የምትባል ተማሪ፥ ድኻና ሀብታም ልጆች በቡድን ተለይተው ሲጣሉ እያየች ገና በ15 ዓመቷ ልብ ወለድ ታሪክ መጻፍ ጀመረች። መጽሐፉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። የወንዶችን ጠብ ሴት ጻፈችው ብለው ተቺዎች እንዳይንቁት በሽፋኑ ላይ «ኤስ. ኢ. ሂንተን» ብቻ ተባለ። ስሙ «ዘ አውትሳይደርስ» ነው፤ «ባይተዋሮቹ» ብንለው ከአሳቡ አንርቅም።

ታሪኩን የሚነግረን የ14 ዓመቱ ፖኒቦይ ከርቲስ ነው። እሱና ጓደኞቹ ጠጉራቸውን አሳድገው ቅባት የሚቀቡ የድኻ ሰፈር ልጆች ናቸውና «ግሪዘር» ይባላሉ፤ ባላጋራዎቻቸው የሀብታም ልጆች ደግሞ «ሶሽ» ይባላሉ። አንድ ሌሊት ሶሾቹ ፖኒቦይን በመናፈሻ የውሃ ገንዳ ውስጥ ሲደፍቁት ጓደኛው ጆኒ አንዱን በሰንጢ ወግቶ ገደለ። ደላስ የሚባለው ጓደኛቸው ገንዘብና ሽጉጥ ሰጥቶ ሰው በማይኖርበት በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን እንዲሸሸጉ ላካቸው። ኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ጆኒ ሕፃናት ሲያድን ተጐድቶ ሞተ። ደላስም ሐዘኑን መሸከም አቃተው፤ ሱቅ ዘርፎ፥ ጥይት የሌለው ሽጉጥ በፖሊሶች ላይ ደግኖ ተገደለ።

ወጣት አንባቢ ደላስን ቶሎ ይወዳል፤ ታማኝነት እንዲህ ነው ይላል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ይህ ሞት ለጆኒ ምን ጠቀመው? ለቀሩትስ?

አሁን ዳሪን ተመልከቱት። ወላጆቻቸው በመኪና አደጋ ስለ ሞቱ በ20 ዓመቱ የቤቱ አባት ሆኗል። ብርቱ የእግር ኳስ ተጫዋች (የአሜሪካኖቹ ዓይነት ኳስ ነው) ሆኖ ሳለ ኰሌጁን ትቶ የቤት ጣራ ይሠራል፤ መንግሥት ታናናሾቹን ወስዶ ማሳደጊያ እንዳያስገባቸው ይፈራል። በዚህም ላይ ይቈጣል። ፖኒቦይ አምሽቶ ሲገባ በጥፊ መታው፤ ያ ሁሉ ሽሽት የመጣው ልጁ በዚያ ተናዶ ከቤት ስለ ወጣ ነው። «ዳሪ ይጠላኛል» ብሎ ያምን ነበርና፥ ታላቅ ወንድሙ በሆስፒታል ሲያለቅስ እስኪያየው ድረስ ጥፊው እንጂ ድካሙ አልታየውም። በታላቅ ወንድም ደመወዝ የተማራችሁ ሁሉ ይህን ገጽ በዝግታ ታነቡታላችሁ።

በ1983 ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ሲኒማ አድርጎታል። መምህር ነኝና አንድ ነገር ልጨምር፤ መጽሐፉ ፖኒቦይ ለእንግሊዝኛ አስተማሪው የጻፈው ድርሰት ሆኖ ያልቃል። ሂንተን ራሷ ግን ይህን በምትጽፍበት ዓመት በድርሰት ትምህርት ያገኘችው «ዲ» ነበር።

ከመጨረሻዎቹ ገጾች የማልረሳው መካከለኛውን ወንድም ሶዳፖፕን ነው። ሁለቱ ሲጣሉ መካከላቸው ሆኖ መጐተት ሰልችቶት እያለቀሰ ከቤት ሮጦ ወጣ። ዳሪና ፖኒቦይ በጨለማ ተከትለው መናፈሻው ውስጥ ያዙት፤ ከእንግዲህ አንጣላም ብለውም ቃል ገቡለት።